«ትራክ 07» የማን ነው? ሮክ በሐዋሳ ፒያሳ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር

ሐዋሳ ፒያሳ ውስጥ ሮክ መስማት የሚፈልግ ልጅ ሬዲዮ ከፍቶ አይጠብቅም። ባጃጁ የራሱ ዘፈን አለው፣ ካፌው የራሱ፣ ሠርጉም የራሱ። የኤሌክትሪክ ጊታር የሚጮህበት ሙዚቃ እዚያ መሀል ብዙ ቦታ የለውም። ስለዚህ ሮክ የሚመጣው ከሰው ነው፦ ከዶርም ጓደኛ፣ ለክረምት ከአዲስ አበባ ከመጣ የአጎት ልጅ፣ ውጭ ካለች እህት፣ ከቴሌግራም ግሩፕ። «ይቺን ስማት እስቲ» ይባላል፣ ፋይሉ ይላካል፣ በቃ።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ታላላቆቻችን ካሴት ይዋዋሱ ነበር። አንዱ ኦሪጅናሉን ይገዛል፣ ሌሎቹ ባዶ ካሴት ይዘው መጥተው ይቀዳሉ። ቴፑ ክሩን ሲበላው በእስክሪብቶ እያጠነጠኑ መልሰው ያስገቡታል። ከዚያ ሲዲ መጣ፣ ከዚያ ኤምፒስሪ፣ ከዚያ ፍላሽና ሚሞሪ። ዛሬም ፒያሳ የሞባይል ዕቃ ከሚሸጡት ሱቆች መሀል ላፕቶፕ ከፍቶ «ምን ልጫንልህ?» የሚል አይጠፋም።

በዚህ ጉዳይ ሁለት ጎራ አለ። አንዱ «ይሄ ሌብነት ነው፣ አርቲስቱን እየገደላችሁት ነው» ይላል። ሌላው «እንዴ! ሱቅ የለ፣ ዶላር የሚከፍል ካርድ የለን፣ በምን እንግዛው?» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም የያዙት እውነት አለ። እኛ ግን ክርክሩ አንድ ነገር እየዘለለ ነው ባዮች ነን፦ ስሙን። ፋይሉ ከስልክ ወደ ስልክ ሲሄድ መጀመሪያ የሚጠፋው የዘፋኙ፣ የጊታሪስቱና የአልበሙ ስም ነው። ስም ከጠፋ ደግሞ ነገ ብር ቢኖረን እንኳን ለማን እንደምንከፍል አናውቅም።

ስልካችሁን ክፈቱና እዩት። «ትራክ 07»። «አንኖውን አርቲስት»። «ምርጥ ሮክ አዲስ»። አንዳንዱ ላይ ደግሞ የዘፋኙ ስም በሚጻፍበት ቦታ የቴሌግራም ቻናሉ ሊንክ ተለጥፏል። ይሄኛው በተለይ ያበሳጫል፤ ሰውየው ዘፈኑን በነፃ ከማደሉም አልፎ ባለቤቱን ፍቆ ራሱን ጽፏል። ቦታ እንዳይወስድ ነው የሚል ካለ እናስላው። አንድ የ45 ደቂቃ አልበም በ128 ኪሎቢት ጥራት 43 ሜጋባይት ገደማ ነው፣ በ320 ደግሞ 108 አካባቢ። ኤምፒስሪ ላይ ስም የሚጻፍበት የመጀመሪያው አሠራር፣ አይዲ3 የሚባለው፣ በአንድ ዘፈን የሚወስደው 128 ባይት ብቻ ነው። ሜጋ አላልንም፣ ኪሎም አላልንም፤ ባይት። ለዘፈኑ ርዕስ 30 ፊደል፣ ለዘፋኙ 30፣ ለአልበሙ 30። የሰውን ስም አብሮ መላክ ከዚህ በላይ ክብደት የለውም።

ከሰሃራ ስልኮች

የኛን ነገር በደንብ የሚያሳየው ታሪክ ያለው ሰሜን ማሊ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 አካባቢ ክሪስቶፈር ኪርክሊ የሚባል አሜሪካዊ ኪዳል በምትባል የበረሃ ከተማ ነበር። እዚያ የነበሩ ወጣቶች ኢንተርኔት እንደልብ የላቸውም፣ ሙዚቃቸው ያለው ስልካቸው ሚሞሪ ላይ ነው። በብሉቱዝ ይላላካሉ፣ ሚሞሪ ይቀያየራሉ። ከአልጄሪያ የመጣው፣ ከኒጀር የመጣው፣ ከናይጄሪያ የመጣው ዘፈን አንድ ካርድ ላይ ይገናኛል። ለኛ አዲስ ነገር አይደለም፣ አይደል?

ኪርክሊ ከእነዚህ ስልኮች የሰበሰባቸውን ዘፈኖች በኋላ በካሴት፣ ቀጥሎ በሸክላ «ሙዚቃ ከሰሃራ ሞባይሎች» በሚል አወጣቸው። ከማውጣቱ በፊት ግን ችግር ገጠመው፤ ብዙዎቹ ፋይሎች ስም የላቸውም፣ አንዳንዶቹም የተሳሳተ ስም ይዘዋል። ለባለቤቶቹ ድርሻቸውን ለመክፈል መጀመሪያ እነማን እንደሆኑ ማወቅ ነበረበት። አገር ላገር እየደወለና እየጠየቀ ካገኛቸው አንዱ ኒጀር ውስጥ የሚኖር ግራኝ ጊታሪስት ነው፤ ምዱ ሞክታር ይባላል። ዘፈኑ ከስልክ ወደ ስልክ በረሃውን አቋርጦ ነበር፣ እሱ ግን ከዚያ ዝና ብዙም የደረሰው ነገር አልነበረም። ዛሬ ምዱ ሞክታር አውሮፓና አሜሪካ እየዞረ የሚጫወት የሮክ ጊታሪስት ነው። በ2021 ያወጣው «አፍሪክ ቪክቲም» የተባለው አልበም በዓለም የሙዚቃ ጋዜጦች ብዙ ተወድሷል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሚሞሪ መቀያየሩ ባይኖር ዘፈኑ ከኒጀር አይወጣም ነበር። ስሙ አብሮት ቢጓዝ ኖሮ ግን ሰውየው ቶሎ ይገኝ ነበር። ከዚያው ካርድ ላይ ስማቸው ባለመታወቁ ሳይገኙ የቀሩ ምን ያህል ይሆኑ? እኛ ስልክ ላይስ?

ሮክ ራሱ የቆመው በመዋዋስ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። ሜታሊካ አንድም አልበም ሳያወጡ በ1982 የቀዱት የሙከራ ካሴት አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር ያዳረሰው በፖስታ ካሴት በሚላላኩ የሜታል ወዳጆች እጅ ነው። ካሴቱ ኒው ጀርሲ ሸክላ የሚሸጥ ሰው ጋ ደረሰ፣ ሰውየው ጠራቸው፣ በ1983 የመጀመሪያ አልበማቸው ወጣ። የሚገርመው ግን እነዚሁ ሜታሊካ በ2000 ዘፈን በኢንተርኔት የሚያቀባብለውን ናፕስተርን ከሰሱ፤ ዘፈናቸውን ያጋሩ ከ300 ሺህ በላይ ሰዎችን የመጠቀሚያ ስም ዘርዝረው አቀረቡ። ብዙ አድናቂ «ከዳችሁን» ብሎ ተቀየማቸው። እኛ በዚህ ሙሉ በሙሉ አንፈርድባቸውም፤ አንድ ካሴት ቀድቶ ለጓደኛ መላክና ያልወጣ ዘፈን ለመላው ዓለም መልቀቅ ልዩነት አለው። ግሬትፉል ዴድ የተባለው ባንድ ልዩነቱን ቀደም ብሎ ገብቶት ነበር። ከ1984 ጀምሮ ኮንሰርታቸው ላይ መቅዳት ለሚፈልግ ሰው ለብቻው ቦታ ለዩለት። በቀጂዎቹ መሀልም አንድ ወግ ነበር፦ መቀያየር ይቻላል፣ መሸጥ አይቻልም። ካሴቱ ላይ ቀኑ፣ ከተማውና የዘፈኖቹ ቅደም ተከተል ይጻፋል። ማንም ሳያስገድዳቸው ያደረጉት ነው።

የኛው አገር ሸክላና ካሴት

ወደ ቤታችን እንመለስ። አምሃ እሸቴ በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ የነበረ፣ እንደ ብዙዎቻችሁ ሙዚቃ ያበደ ልጅ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ የውጭ ሸክላ የሚሸጥ ሱቅ ከፍቶ ሶሉንም ጃዙንም ሮኩንም ያስመጣ ነበር። በወቅቱ የአገር ውስጥ ሸክላ የማሳተም መብት በንጉሡ አዋጅ የአገር ፍቅር ብቻ ነበር። አምሃ አዋጁን ተጋፍቶ በ1969 እ.ኤ.አ. አምሃ ሪከርድስን አቋቋመ። የመጀመሪያው ሥራ የአለማየሁ እሸቴ ነው፣ «የኢትዮጵያው ኤልቪስ» የሚሉት። አገር ውስጥ ማተሚያ ስላልነበረ ሸክላው መጀመሪያ ሕንድ፣ በኋላ ሊባኖስ እየታተመ ይመጣ ነበር። አምሃ በ1975 አገር ለቆ እስኪወጣ ድረስ ከ100 በላይ ትንንሽ ሸክላዎችና ወደ 12 አልበሞች አሳትሟል።

እነዚህ ሸክላዎች ላይ ምን አለ? የዘፋኙ ስም፣ የኩባንያው ስም፣ መለያ ቁጥር። ዛሬ አውሮፓ ያለ ሰብሳቢ አንዷን ሲያገኝ ማን እንደዘፈናት ይናገራል። እኛ ያንኑ ዘፈን «ቆየት ያለ ኦልዲስ» በሚል ፎልደር ውስጥ አጭቀነዋል።

ቀጣዩን ታሪክ ብዙ ሰው አያውቀውም። «ኢትዮፒክስ» የሚባለውን ተከታታይ የሲዲ ስብስብ ሰምታችሁ ይሆናል፤ የኛን የ60ዎቹና የ70ዎቹ ሙዚቃ ለዓለም ያስተዋወቀው። የጀመረው ፈረንሳዊ ፍራንሲስ ፋልሴቶ ነው። እሱን ወደ ኢትዮጵያ ያመጣው ግን የመንግሥት ግብዣም የኩባንያ ዕቅድም አይደለም። በ1980ዎቹ አጋማሽ አንድ ጓደኛው የማህሙድ አህመድን «ኧረ መላ መላ» ሸክላ ሰጠው፣ «ስማት እስቲ» ዓይነት ነገር። ፋልሴቶ ሰምቶ ተንቀጠቀጠ። በካሴት እየቀዳ ለሚያውቃቸው የሙዚቃ ሰዎች ላከ፤ ማህሙድን የሚያውቅ አልነበረም። ከዚያ ራሱ አዲስ አበባ መጣ። «ኧረ መላ መላ» በ1986 አውሮፓ ውስጥ ታተመ፣ በ90ዎቹ መጨረሻ ደግሞ «ኢትዮፒክስ» ተጀመረ። ያ ሁሉ ከአንድ የተዋሰ ሸክላ። ሸክላው ላይ «ማህሙድ አህመድ» የሚል ስም ባይኖር ኖሮ ማንን ፍለጋ ይመጣ ነበር?

ሌላው የኃይሉ መርጊያ ነው፤ እኛ ከሁሉም በላይ የምንወደው ይሄን ነው። ኃይሉ የዋሊያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነበር፣ ሂልተን ሆቴል ይጫወቱ የነበሩት። በ1981 ባንዱ አሜሪካ ለኮንሰርት ሄደ፣ ኃይሉ እዚያው ቀረ። በ1985 አኮርዲዮን፣ ኪቦርድና የከበሮ ማሽን ብቻውን ተጫውቶ አንድ ካሴት አወጣ። ከዚያ ኑሮ ነው፤ ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ መንዳት ጀመረ። ኪቦርዱን ኮፈኑ ውስጥ ይዞ፣ ኤርፖርት ተራ ሲጠብቅ ኋላ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ይለማመድ ነበር።

ከብዙ ዓመት በኋላ ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል የአፍሪካ ካሴት የሚሰበስብ አሜሪካዊ ባሕር ዳር ላይ ያቺን ካሴት አገኛት። ሽፋኑ ላይ ስም አለ። ስሙን ኢንተርኔት ላይ ፈለገው፣ ስልክ ቁጥር አገኘ፣ ደወለ። በ2013 ካሴቷ እንደገና ታተመች። ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሰ፣ በ2018 «ላላ በሉ» የሚል አዲስ አልበም አወጣ። ባሕር ዳር የተገኘው ካሴት ሳይሆን «ትራክ 07» የተባለ ፋይል ቢሆን ኖሮ ሰውየው አሁንም ኤርፖርት ተራ እየጠበቀ ይሆናል።

ሕጉስ? ብሩስ?

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይባላል፣ በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ 872 ተሻሽሏል። ሁለት ነገር ውስጡ አለ፣ ሰው ግን አይጠቅሳቸውም። አንደኛ፣ አንድ ግለሰብ ለግል መጠቀሚያው ብቻ የታተመን ሥራ አንድ ኮፒ ቢያባዛ ባለመብቱ አይከለክለውም። በሩ ጠባብ ነው፤ አንድ ኮፒ፣ ለራስ። ሺህ ተከታይ ያለው ቻናል ላይ ሙሉ አልበም መጫን እዚያ በር አይገባም፤ ብር ተቀብሎ ፍላሽ መሙላትም አይገባም። ሁለተኛ፣ ሕጉ የሞራል መብት የሚለው አለ፤ የሥራው ባለቤት ስሙ እንዲጠቀስ የመጠየቅ መብት። ይሄኛው ከብሩ የተለየ ነው። ዘፈኑን በነፃ ብትሰጡትም ስሙን መፋቅ ለብቻው ጥፋት ነው ማለት ነው።

ብሩን በተመለከተ «መክፈያ የለንም» የሚለው መልስ ግማሹ አርጅቷል። በ2011 ዓ.ም. ሟቹ ኤልያስ መልካና ባልደረቦቹ «አውታር» የተባለውን መተግበሪያ ሲጀምሩ ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ ዘፈን በሞባይል ሂሳብ በጥቂት ብር ይገዛ። ኤልያስ በዓመቱ ሳይሞላ በመስከረም 2012 አረፈ። በኋላ «ሰዋሰው» መጣ፤ ቴሌብርም ከግንቦት 2013 ጀምሮ ስልካችን ውስጥ ነው። ስለዚህ የአገር ውስጥ ሥራ ከሆነ «በምን ልክፈል?» ማለት አሁን ብዙ አያስኬድም። የውጭ ሮክ ግን ሌላ ነው። አብዛኞቻችን ውጭ የሚሠራ ካርድ የለንም፤ ኦሪጅናል ሲዲና ሸክላ ከውጭ ማስመጣትም ከወር ወጪያችን ጋር አይገናኝም። ሁለቱን አንድ ላይ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው፣ ሁለቱን አንድ ላይ ነፃ ማውጣትም እንደዚያው።

ይሄ ልዩነት ለጃኖ ባንድ ይመለከታል። ጃኖ በ2012 እ.ኤ.አ. «ኤርታሌ»ን ሲያወጡ በአማርኛ ሮክ ብሎ በድፍረት የመጣ አዲስ ድምፅ ነበር፤ ሴትና ወንድ ድምፃውያን ከፊት፣ ጊታር ከኋላ። ፕሮዲውሰሩ ቢል ላስዌል ነው። የሜታል ልጆች ስሙን ያውቁታል፣ በ1986 የሞተርሄድን አልበም የሠራው ሰው። እስቲ አስቡት፦ ለሞተርሄድ የሠራ ፕሮዲውሰር የአማርኛ ሮክ አልበም ሠራ፣ እኛ ሰፈር ፋይሉ «ጃኖ ሚክስ» ተብሎ ይዞራል። የትኛውን ዘፈን የትኛዋ ድምፃዊት እንደዘፈነች የማያውቅ አድናቂ ሞልቷል። ሐዋሳ ላይ ጊታር እየተማረ ነገ ባንድ ልመሥርት የሚል ልጅ ይሄን ሲያይ ምን ያስባል? ዘፈኔ ከተማውን ያዳርሳል፣ ስሜ ግን ከፒያሳ አያልፍም ብሎ ነው የሚያስበው።

«ታዲያ ለምን ሁሉም ኦንላይን አይሰማም?» የሚል ይኖራል። በየካቲት 2015 ዓ.ም. ቴሌግራም፣ ዩቲዩብ፣ ፌስቡክና ቲክቶክ ሲታገዱ እስከ ሐምሌ፣ አምስት ወር ገደማ ቆይቷል። ቪፒኤን ያልያዘ ሰው ያኔ ሙዚቃው ምን ነበር? ስልኩ ላይ ያለው ፋይል። በብሉቱዝና በዜንደር መላላክ፣ ፍላሽ መዋዋስ እንደገና ነፍስ ዘራ። የዳታው ዋጋም አለ፤ አንዴ የወረደ ፋይል መቶ ጊዜ ቢሰማ ሳንቲም አይቆጥርም። ደግሞ አልጎሪዝም የሚያመጣላችሁ ትናንት የሰማችሁትን የሚመስል ነው። ጓደኛ ግን «አይመስልህም፣ ግን ስማት» ብሎ ጭራሽ ያላሰባችሁትን ያመጣል። መጋበዝ የምንለው እሱን ነው።

ስንጋባበዝ

እኛ መዋዋሱ ይቁም አንልም። ፋይል ስትልኩ ግን የዘፋኙ፣ የአልበሙና የዓመቱ ስም አብሮ ይሂድ። አንድሮይድ ላይ የዘፈን መረጃ የሚያስተካክሉ ነፃ መተግበሪያዎች ሞልተዋል፤ «ታግ ኤዲተር» ብላችሁ ፈልጉ፣ ለአንድ አልበም አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ይሄ ከበዛባችሁ ፋይሉን ሪኔም አድርጉት። ከተቻለ ደግሞ አልበሙን ሳትቆራርጡ ላኩ፤ ሰውየው ቅደም ተከተሉን ያወጣው አስቦበት ነው።

ከዚያ ውጭ፣ ሮክ ለሚጀምር ልጅ ከኛ የሚጋበዝ ይኸው። ከጃኖ «ኤርታሌ»ን ሙሉውን። ጌታቸው መኩሪያ ከሆላንዱ የፐንክ ባንድ «ዘ ኤክስ» ጋር በ2006 ያወጡትን «ሞዓ አንበሳ»፤ ሽለላና ፉከራን በሳክስፎን የሚያወርዱት ጋሽ ጌታቸው ከኋላቸው የፐንክ ጊታር ሲጮህ ምን እንደሚሆን ቃል አይገልጸውም። ደግሞ ፐንኮቹን መርጠው ባንዴ ሁኑ ያሏቸው እሳቸው ናቸው፣ ያኔ ዕድሜያቸው ከ65 በላይ ነበር። ወደ ዛምቢያ ውረዱና «ዊች» የተባለውን ባንድ ስሙ፣ «ሌዚ ቦንስ»፣ 1975፤ አፍሪካውያን ሮክን ከማንም ሳይለምኑ የራሳቸው ያደረጉበት ዘመን ነው። «ዛምሮክ» ይሉታል፤ ከወደዳችሁት ቀጥሎ የአማናዝን «አፍሪካ»፣ እሱም 1975። ከዚያ ምዱ ሞክታር፣ «አፍሪክ ቪክቲም»፣ ከፍ አድርጋችሁ።

አንድ የመጨረሻ ነገር፣ በተለይ ለሐዋሳና ለአካባቢዋ ልጆች። እናትና አባቶቻችሁ መሳቢያ ውስጥ፣ ቁም ሳጥን ላይ፣ ካርቶን ውስጥ ካሴት አለ። የአማርኛው ብቻ አይደለም፤ የሲዳምኛ፣ የወላይትኛ፣ የጌዴኦኛ ካሴት። ብዙዎቹ ኢንተርኔት ላይ የሉም። ማጫወቻ ባይኖራችሁም ግድ የለም፤ ሽፋኑን ከፊትም ከኋላም ፎቶ አንሱት፣ ከካሴቱ ላይ ያለውን ጽሑፍም ጨምሩ። ዘፋኙን የሚያውቅ ትልቅ ሰው ቤት ውስጥ ካለ ጠይቁና ከየት አካባቢ እንደነበር፣ ማን ክራር ወይም ጊታር እንደመታለት ጻፉ። ፎቶውን ላኩልን፤ ስሞቹን እየሰበሰብን እዚሁ ገጽ ላይ እናወጣለን።